ፖሙ ደህና ነው፣ ቀኑ ግን አልፏል። ልብላው ወይስ ልጣለው?

የጓዳ ዳኛ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ቤታችን ውስጥ አንድ የማያልቅ ጭቅጭቅ አለ፤ እስቲ ፍረዱን።

ባለቤቴ ፍሪጅ ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው ምግቡን አይደለም፤ ቀኑን ነው። በላስቲክ ታሽጎ የመጣ ፖም፣ ካሮት፣ ብሮኮሊ፣ ድንች ሳይቀር፣ የተጻፈበት ቀን ካለፈ አለቀለት። አይነካውም፣ አያሸተውም። "ኤክስፓየር አድርጓል" ይላል፣ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ይከተዋል። ይግባኝ የለም። እኔ ደግሞ ጠንካራ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ምንም ያልሆነ ፖም ሲጣል አንጀቴ ያርራል። አንዳንዴ እሱ ዞር ሲል መልሼ አውጥቼ፣ አጥቤ እበላለሁ። (አትሳቁብኝ፣ ከነላስቲኩ ነው የሚጥለው።)

የሚገርመኝ ደግሞ ይሄ ነው። እዚያው ሱፐርማርኬት ውስጥ ሳይታሸግ በኪሎ የሚሸጠው ካሮት ቀን የለውም። እሱን እስኪልፈሰፈስ ድረስ ምንም ሳይል ይበላዋል። የታሸገው ግን ቀኑ ባለፈ ማግስት መርዝ ነው። ሁለቱም ካሮት ናቸው እኮ!

ሙሉ በሙሉ ልወቅሰውም አልችልም። ልጆች አሉን። "ቢያማቸው ማን ይጠየቃል?" ሲለኝ አፌ ይያዛል። ስለዚህ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ፦ ይህን ቀን ማነው የሚወስነው? በምን ሒሳብ? ካለፈ በኋላ መብላት እውነት ያሳምማል? "እኔ በልቼ አልሞትኩም" የሚል መልስ አልፈልግም። እሱ ባለቤቴን አያሳምነውም።

አፍንጫዬ ይበቃኛል

እኔ በልቼ አልሞትኩም። (ይቅርታ፣ አላስቻለኝም።)

ከቁም ነገሩ ግን፣ ሰው ላስቲክ ላይ ቀን ማንበብ ከመጀመሩ በፊት አፍንጫ ነበረው። አሽቺው፣ ጫን አድርገሽ ዳብሺው፣ ደህና ከሆነ ብዪው። በቃ። ይሄ ቀን መለጠፍ ቶሎ ጥለን ቶሎ እንድንገዛ ነው ባይ ነኝ።

የመጋዘን ሰው

እህቴ፣ እኔ በአንድ ሱፐርማርኬት መጋዘን የአትክልትና ፍራፍሬ መረከቢያ ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። መኪናው ሲመጣ ካርቶን ከፍቶ የሚያይ፣ ቴርሞሜትር የሚሰካ፣ "ይሄ ይመለስ" የሚል ሰው አለ አይደል? እሱ ነኝ። ስለዚያ ቀን የምለው አለኝ።

ቀኑን የሚወስነው አሻጊው ነው፤ ብዙ ጊዜ ከሱፐርማርኬቱ ጋር ተነጋግሮ። ቆጠራው ደግሞ ፍሬው ከተለቀመበት ቀን አይጀምርም። ከታሸገበት ቀን ነው የሚጀምረው። ይሄን ልብ በይ። ፖም የሚለቀመው በዓመት አንድ ወቅት ነው። ሱፐርማርኬት ውስጥ ግን ዓመቱን ሙሉ አለ። ከየት እየመጣ ነው? ከቀዝቃዛ መጋዘን። ኦክስጅኑን ቀንሰው፣ ቅዝቃዜውን ጠብቀው ለወራት ያስተኙታል። የተለቀመ ፍሬ አልሞተም፤ ይተነፍሳል። እዚያ አየር ውስጥ አተነፋፈሱ ይዘገያል፣ እርጅናውም አብሮ ይዘገያል። ከዚያ ይወጣል፣ ይመረጣል፣ ላስቲክ ውስጥ ይገባል፣ ቀን ይታተምበታል። እንግዲህ ያን ሁሉ ወር በሰላም የኖረ ፖም ማክሰኞ ምግብ ሆኖ ረቡዕ መርዝ የሚሆንበት ምክንያት ምንድን ነው? ምንም።

ታዲያ ለምን ይጻፋል? በዋናነት ለሠራተኛው ነው። አሮጌው ወደ ፊት፣ አዲሱ ወደ ኋላ እንዲደረደር። ቀኑን ያነሱትን ሱፐርማርኬቶች ማየት ይበቃል። በብሪታንያ ቴስኮ በ2018 እ.ኤ.አ. ከብዙ አትክልትና ፍራፍሬ ላይ ቀኑን ማንሳት ጀመረ። ማርክስ ኤንድ ስፔንሰር በጁላይ 2022 ከ300 በላይ ከሆኑ ዓይነቶች ላይ አነሳ፤ በምትኩ ሠራተኞቹ የሚያነቡት ኮድ አደረገ። ዌይትሮዝ በዚያው ዓመት ተከተለ። ኮዱ ለሠራተኛው ቀረ፣ ቀኑ ከገዢው ተወሰደ። ከዚያ በላይ ምን ማስረጃ ይምጣ?

ስለ ባለቤትሽ ሁለት ካሮቶች ደግሞ፣ የማይታሸገው ቀን የሌለው በቸልታ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት የምግብ መለያ ሕግ (ቁጥር 1169/2011) ያልተላጠና ያልተቆረጠ ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ ቀን አያስፈልገውም ይላል። ድንችን በስም ጠርቶ ጨምሮታል። ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ መስፈርትም በዚሁ መንገድ ነው የሚሄደው። ስለዚህ የታሸገው ካሮት ላይ ያለው ቀን በብዙ ቦታ ሻጩ በፈቃዱ የጨመረው እንጂ ጤና ጥበቃ ያዘዘው አይደለም።

አሁን ወደ ገደለው ልግባ። ቀን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው "ከዚህ ቀን በፊት ቢበሉት ይመረጣል" የሚለው ነው። እሱ ስለ ጥራት ነው የሚያወራው፤ ስለ መጣፈጥ፣ ስለ መንኮሻኮሽ። ሁለተኛው "እስከዚህ ቀን ድረስ ይጠቀሙ" የሚለው ነው። እሱ ስለ ደህንነት ነው፤ ካለፈ አለፈ፣ ክርክር የለም። ሥጋና ዓሣ ላይ የምታዪው ይሄኛውን ነው። ባለቤትሽ ሁለቱን እንደ አንድ ነው የሚያነባቸው። አይፈረድበትም፤ ሁለቱም ባንድ ዓይነት ፊደል፣ ባንድ ጥግ፣ በደቂቅ ጽሑፍ ነው የሚታተሙት። አታሚውን ነው መውቀስ።

ለመጨቃጨቂያ የሚሆንሽ ቁጥር ከፈለግሽ፣ ራፕ የተባለ የብሪታንያ ድርጅት በ2022 ያወጣውን ጥናት ጥቀሺለት። ፖም፣ ሙዝ፣ ብሮኮሊ፣ ኪያርና ድንች ወስደው፣ ታሽገውና ሳይታሸጉ፣ በተለያየ ቅዝቃዜ አቆይተው ተከታተሏቸው። በ4 ዲግሪ የተቀመጠው ፖም የተጻፈበት ቀን ካለፈ በኋላ ሁለት ወር ተኩል ያህል የመበላሸት ምልክት አላሳየም። ሁለት ወር ተኩል! ከዚያም በኋላ የሚበላ ነበር።

የእኔ ደንብ አጭር ናት። ቢላ ያልነካው ከሆነ ቀኑን እርሺው፣ ፍሬውን እዪ። ቢላ የነካው ከሆነ ቀኑን አክብሪ። የተከተፈ ፍራፍሬ፣ ታጥቦ የታሸገ ሰላጣ፣ የተላጠ ካሮት፣ እነዚህ ልጣጫቸውን አጥተዋል። ልጣጭ ማለት አጥር ነው።

አንድ ሆዴ ውስጥ የቀረ ነገር ልጨምርና ልብቃ። ቀን ስላለ ብቻ ደንበኛው እጁን እስከ ክርኑ ከቶ ከኋላ ያለውን ረጅም ቀን ይጎረጉራል። ዛሬ ማታ የሚበላውን ኪያር! ከፊት ያለው፣ ያው ኪያር፣ ማንም ሳይነካው ይቀራል፣ ማታ ይጣላል። እኔ ራሴ በጋሪ እየገፋሁ ስንቱን ደህና ነገር ወደ መጣያ እንደወሰድኩ አልናገርም።

ማይክሮስኮፕ

የምግብ ማይክሮባዮሎጂ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። የመጋዘን ሰው ባለው በአብዛኛው እስማማለሁ። ወንድም አፍንጫዬ ይበቃኛል ግን፣ በአንተ አልስማማም።

አፍንጫ የሚነግርህ ምግቡ መበላሸቱን ነው። በሽታ አምጪ መኖሩን አይነግርህም። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የጠወለገ ቆስጣ ያስጠላል እንጂ አያሳምምም። ሊስቴሪያ የሚባል ባክቴሪያ ያለበት የተከተፈ ፍራፍሬ ግን አይሸትም፣ ቀለሙም አይቀየርም። ሊስቴሪያ ከሌሎቹ የሚለየው ፍሪጅ ውስጥም ቀስ ብሎ መራባቱ ነው። ለጤነኛ ጎልማሳ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። ለነፍሰ ጡር፣ ለአዛውንትና በሽታ የመከላከል አቅሙ ለደከመ ሰው ግን አደገኛ ነው። ታጥቦ የታሸገ ሰላጣ ላይ ያለው "እስከዚህ ቀን ድረስ" የሚለው ጽሑፍ የሚያስበው ይህን ነው። ቀኑ ካለፈ አሽትተሽ አትወስኚ እህቴ፣ ጣዪው።

ከቢላው ደንብ የሚያፈነግጥ አንድ ነገር አለ፤ የበቀለ ጥራጥሬ። ለጥሬ መብያ የሚሸጠው ማለቴ ነው። ማንም ባይቆርጠውም ሞቃትና እርጥብ ቦታ ላይ ስለሚበቅል ባክቴሪያም አብሮ ይበቅላል። በ2011 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ የተነሣውና ከ50 በላይ ሰው የገደለው የኢ ኮላይ ባክቴሪያ ወረርሽኝ ከበቀለ አብሽ ጋር ነው የተያያዘው። መጀመሪያ ኪያር ነበር በሐሰት የተወነጀለው! የመጋዘን ሰው የጠቀሰው የአውሮፓ ሕግም የበቀለ ጥራጥሬን ቀን ከማያስፈልጋቸው ለይቶ አውጥቶታል።

ደግሞ ያልተቆረጠ ሁሉ ንጹህ ነው ማለት አይደለም። በዚያው 2011 አሜሪካ ውስጥ ከ30 በላይ ሰዎች በሊስቴሪያ የሞቱት ሙሉውን ከተሸጠ ሜሎን ነው። ጀርሙ ልጣጩ ላይ ነበር። ልጣጩ ላይ ያለውን ቢላው ይዞት ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ልጣጩን ባትበሉትም ከመቁረጣችሁ በፊት እጠቡት። ይሄ ከቀኑ ጋር ምንም አይገናኝም፤ ትናንት የታሸገም ቢሆን ያው ነው።

ሻጋታን በተመለከተ፣ ጠንካራ የሆነው ላይ፣ እንደ ካሮትና ጥቅል ጎመን ያለው ላይ፣ ሻጋታው ካለበት ዙሪያውንና ወደ ታች 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጦ የቀረውን መብላት ይቻላል። ቢላው ሻጋታውን እንዳይነካው ጠንቀቅ በሉ። ለስላሳው ላይ፣ እንደ እንጆሪ፣ ቲማቲምና ኮክ፣ የሻጋታው ክር በውስጥ ስለሚሄድ መጣል ነው። ድንች ካቆጠቆጠና ገና ጠንካራ ከሆነ ቡቃያውን ፈንቅሎ ማውጣት ይበቃል። አረንጓዴ የሆነው ብርሃን ያገኘው ነው። አረንጓዴው ራሱ አይጎዳም፣ ግን አብሮት ሶላኒን የሚባል መራራ መርዝ ይጨምራል። ትንሽ ከሆነ ወፈር አድርጎ መላጥ ነው፣ ብዙ ከሆነ ወይም ከመረረ መጣል።

ቀን ከሁሉም ላይ ይነሣ ለሚሉት ግን ሙሉ ልቤን አልሰጥም። የደከመ ዓይን ያላቸው፣ ማሽተት የቀነሰባቸው ሰዎች አሉ። ለእነሱ ጽሑፉ አንድ ምርኩዝ ነው።

የመጋዘን ሰው

ስለ በቀለው ጥራጥሬ ተቀብያለሁ። ስለ ምርኩዙ ግን ልከራከር። የተሳሳተ ነገር የሚናገር ምርኩዝ ምን ይረዳል? ፖም ላይ ያለው ቀን ዓይኑ ለደከመ ሰው የሚነግረው ውሸት ነው። ይልቅ እንዴት እንደሚቀመጥ ቢጽፉለት ይሻላል። "ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡኝ" የሚል አንድ መስመር ከቀኑ የበለጠ ይጠቅመዋል።

ማይክሮስኮፕ

በዚህ ተስማማን።

የጓዳ ዳኛ

ወይ ጉድ፣ ይሄን ሁሉ አልጠበቅኩም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ለባለቤቴ ሁሉንም አነበብኩለት። ስለ ፖሙ ዝም አለ። ስለ ሊስቴሪያው ግን "አላልኩሽም?" አለ። ሰው የሚፈልገውን ነው የሚሰማው።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ የእኛ ብሮኮሊ ቀኑ ሳያልፍ እንኳ ቢጫ ይሆናል። ፍሪጁ መሳቢያ ውስጥ ከፖሙ ጋር ነው የማስቀምጠው። ሁለተኛ፣ እውነቱን ለመናገር እኔም የምጥለው አለኝ። ቀን አይቼ አይደለም፤ ተረስቶ በስብሶ ነው። እሱን ለባለቤቴ አትንገሩብኝ።

የመጋዘን ሰው

ብሮኮሊሽን የሚያቢጫው ፖሙ ነው። ፖም ኢትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ሙዝ፣ ቲማቲም፣ አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ፒርም ሲበስሉ ያወጡታል። ይሄ ጋዝ ሌላውንም ያበስለዋል፣ ቅጠሉን ያስረጀዋል፣ ብሮኮሊን ያቢጫዋል፣ ካሮትን መራራ ያደርገዋል። መጋዘን ውስጥ ፖምና ብሮኮሊ ባንድ ክፍል አናሳድርም። ሁለት መሳቢያ ካለሽ አንዱን ለፍራፍሬ፣ አንዱን ለቅጠላ ቅጠል አድርጊው። መሳቢያው ላይ የአየር መዝጊያ ካለው ለቅጠሉ ዝጊው፣ ለፍራፍሬው ክፈቺው። ቅጠል እርጥበት ይወዳል፣ ፍራፍሬ መተንፈሻ ይፈልጋል።

ሙዝ ፍሪጅ አይወድም፤ ልጣጩ ይጠቁራል። ያልበሰለ ቲማቲምም እንዲሁ፣ ቅዝቃዜ ጣዕሙን ይገድለዋል። ድንችና ሽንኩርት ጨለማና አየር ያለበት ቦታ፣ ተለያይተው ይቀመጡ። ከማስቀመጥሽ በፊት አትጠቢ፣ ልትበዪው ስትዪ እጠቢ። እርጥበት የሻጋታ ወዳጅ ነው። የተልፈሰፈሰ ካሮት ውኃ ነው ያጣው፤ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፊው፣ ይነሣል።

ስለ ሁለተኛው ጥያቄሽ ደግሞ ሐቁን ልንገርሽ፤ ባልሽን ብቻ አትክሰሺ። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2018 እ.ኤ.አ. ያስጠናው ጥናት እንዳለው፣ እዚያ ከሚባክነው ምግብ ከቀን ጽሑፍ ጋር የሚያያዘው ቢበዛ 10 በመቶ ነው። ቀላል አይደለም፣ ግን የቀረው 90 በመቶ ከቀን ጋር አይገናኝም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2022 በዓለም ላይ የተጣለው ምግብ 1.05 ቢሊዮን ቶን ነበር። ከዚህ 60 በመቶው የተጣለው ከየቤቱ ነው። ከሱፐርማርኬቱና ከሱቁ 12 በመቶ ብቻ። ይሄን ቁጥር ሳይ፣ በጋሪ የገፋሁት ሁሉ ትንሹ ድርሻ መሆኑ ገርሞኛል።

ቤት ውስጥ ዋናው ሌባ ብዛት ነው። አራት ኪያር ባንድ ላስቲክ ስለሚሸጥ አራት ይገዛል፣ ሁለቱ ይበላል፣ ሁለቱ መሳቢያ ጥግ ውኃ ይሆናል። ያ ራፕ ያልኩሽ ጥናትም ቀኑን ማንሳት ብቻ አይደለም ያለው። እነዚያ አምስት ነገሮች ሳይታሸጉ ቢሸጡና ቀኑም ቢነሣ፣ በብሪታንያ ቤቶች ብቻ በዓመት 100,000 ቶን ያህል ምግብ ከመጣል ይተርፋል ነው ያለው። ሰው የሚያስፈልገውን ቆጥሮ ይገዛል ማለት ነው። በኪሎ መግዛት ከቻልሽ በኪሎ ግዢ።

ብቸኛ በላተኛ

ስለ ኪያሩ አመሰግናለሁ የመጋዘን ሰው። ብቻዬን ነው የምኖረው፤ አንድ ሰው ያንን ትልቅ ከረጢት ሰላጣ እንዴት ነው የሚጨርሰው? እኔ ተስፋ ቆርጬ ሙሉ ጥቅሉን፣ ያልታጠበውን መግዛት ጀምሬአለሁ። ከላይ ቅጠል እየነቀልኩ እበላለሁ፣ ከከረጢቱ በጣም ይቆያል።

ማይክሮስኮፕ

ትክክል ነህ። ያልተቆረጠ ስለሆነ ነው።

ለሁላችሁም አንድ ነገር፦ ፍሪጃችሁን ለኩት። ከ5 ዲግሪ በታች መሆን አለበት። የቅዝቃዜ ማስተካከያው ላይ ያለው ከ1 እስከ 7 የሚለው ቁጥር ዲግሪ አይደለም፤ በአብዛኛው ቁጥሩ ሲጨምር ቅዝቃዜው ነው የሚጨምረው። ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ቴርሞሜትር ከታችሁ መካከለኛው መደርደሪያ ላይ አሳድሩት፣ ጠዋት አንብቡት።

የጓዳ ዳኛ

እኛ 1 ላይ ነው ያለው። ባለቤቴ "1 ማለት 1 ዲግሪ ነው" ብሎ ነው ያደረገው። ዛሬ ማታ ቴርሞሜትሩን ራሱ እንዲያነበው አደርጋለሁ፤ እሱ የሚያምነው የተጻፈ ቁጥር ነው።